አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ራሙን አሳንሶ ካየ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ፔንቲየም ላይ ሊኑክስ ወይም ቢኤስዲ (እንደ ዊንዶውስ ያሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች) ለምትጭኑ፦ 128 ሜጋባይት ራም ተሰክቶ 15 ወይም 16 ብቻ ካሳያችሁ ራም ለመግዛት አትቸኩሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ገብታችሁ ከ15 እስከ 16 ሜጋ ያለውን «ሜሞሪ ሆል» አጥፉት። ቦርዱ ላይ ለሚሰኩ የድሮ አይሳ (ISA) ካርዶች የሚተው ክፍተት ነው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እዚያ ሲደርስ ራሙ ያለቀ ይመስለዋል።

64 ላይ ከቆመ ግን ባዮሱ አርጅቷል፤ ባዮሱ የራሙን መጠን የሚጠየቅበት የድሮው መንገድ ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ሊኑክስ ላይ በቡት መስመሩ (ሲስተሙ ሲነሳ ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስመር) የ«ሜም» ትዕዛዝን 127 ሜጋ አድርጋችሁ (mem=127M) ስጡት። 128ቱን ሙሉ አትስጡ፤ ጫፉን ባዮሱ ይዞት ከሆነ ከርነሉ ይወድቃል። ቪዲዮው ከራሙ 8 ሜጋ የሚበደር ቦርድ ከሆነ ደግሞ ወደ 119 አውርዱት።

መብራት በሄደ ቁጥር የባዮሱ ማስተካከያ እየጠፋ ካስቸገረ የቦርዱን ባትሪ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ነው፣ ሰዓት ሠሪዎች ጋር አይጠፋም።