የሲምስ 4 ካራክተራችሁ ሃይማኖት አልይዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የሰውን ኑሮ አስመስሎ የሚያጫውተው የቪዲዮ ጌም ሲምስ 4 ውስጥ ሰርግ አለ፣ ቀብር አለ፣ የሙታን መንፈስ አለ፣ ፓኩን (ለብቻው የሚሸጠውን የጌሙን ተጨማሪ ክፍል) ለገዛ ጠንቋይም አለ። ቄስና ሼክ፣ ጾምና ጸሎት ግን የሉም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሲምስ ሚዲቫል ሁለት ተቀናቃኝ ቤተ እምነቶችና ካህናት ነበሩት፤ የሚመለከውም «ተመልካቹ» ማለትም ተጫዋቹ ራሱ ነበር። ሲምስ 4 ያንን አላመጣም፤ ስለዚህ እምነትን ለሌላ ነገር ከተሠራ ዕቃ እየቀጣጠሉ መሥራት ግድ ነው። ብዙ ሰው ከልብስና ከሕንጻ ይጀምራል። እኔ ከቀን መቁጠሪያው ጀምሩ ባይ ነኝ፤ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ሙት ዓመቱ ከአርባው ቀድሞ ይመጣል

ምልክት፦ አያትየው ሞቱ። አርባቸውን ለማውጣት ቀን ስትቆጥሩ ዓመቱ ዞሮ ሙት ዓመታቸው ከተፍ ይላል። ዐቢይ ጾምን ብትይዙም ሳትፈቱት ሁለተኛው ይገባል።

ምክንያት፦ የቀን መቁጠሪያውን የሚያመጣው ሲዝንስ የተባለው ፓክ ነው። እሱ ላይ ካልነካችሁት አንድ ወቅት 7 ቀን፣ ዓመቱ 28 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን ይውላል። 29 ወይም 30 ቀን የሆነው ረመዳን እንኳ አይገባም።

መፍትሄ፦ ሴቲንግ ገብታችሁ የወቅቱን ርዝመት 28 ቀን አድርጉት፤ ዓመቱ 112 ቀን ይሆናል። አርባው አሁን ይገባል። ዐቢይ ጾም ግን እንዳለ ከገባ የዓመቱን ግማሽ ይበላል፤ ስለዚህ በመጠኑ ቀንሱት። በእኛ ዓመት 15 ከመቶ ገደማ ስለሚሆን በ112 ቀን ዓመት 17 ቀን ያህል ይደርሰዋል፤ ረመዳን 9 ቀን ያህል። ወቅቱን 7 ቀን ላይ መተው የፈለገ ዐቢይ ጾምን 4 ቀን፣ ረመዳንን 2 ቀን ያድርግ። አብራችሁ የዕድሜውን ርዝመት ወደ ረጅም መቀየር እንዳትረሱ፤ ያለዚያ ወጣቱ ካራክተራችሁ ሁለት ፋሲካ ሳያይ ይሸብታል።

በዓሉን ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ፤ ለአንዱ በዓል እስከ አምስት ልማድ ይፈቀዳል። ትልቅ ማዕድ፣ እንግዳ መጥራትና ስጦታ መስጠት ለአብዛኛው በዓላችን ይበቃሉ። ሥራና ትምህርት ዝግ እንዲሆን ማድረግም ይቻላል። 28ም 112ም ለ7 ስለሚካፈሉ በዓሉ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ዕለት ይውላል። ፋሲካን አንዴ እሑድ ላይ ካስቀመጣችሁት እሑድ ሆኖ ይኖራል። ዒድ ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚንሸራተት በዓል ነውና በየዓመቱ በእጅ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብን በበዓል መልክ ማስገባት አይቻልም፤ በዓል የሚደገመው በዓመት እንጂ በሳምንት አይደለም። እሱን ራሳችሁ አስታውሱ።

ጥምቀት ላይ በረዶ ከጣለባችሁ ሴቲንጉ ላይ በረዶውን ማጥፋት ወይም ቤተሰቡን ኦአሲስ ስፕሪንግስ በተባለው የጌሙ ከተማ ማስፈር ነው፤ በረሃ ስለሆነ በረዶ አያውቅም።

ጾመኛው ሥጋ ሲበላ ይያዛል

ምክንያቱ ነጻ ፈቃድ ነው፤ ማለትም ሲም (የጌሙ ሰው) ሳታዝዙት በራሱ መንቀሳቀሱ። ሲም ሲርበው ፍሪጅ ውስጥ ያገኘውን ያነሳል። ቬጀቴሪያን የሚለውን ባህርይ መስጠት በመጀመሪያ ሲታይ መልካም ይመስላል፤ ግን ቬጀቴሪያን ወተትና እንቁላል ይበላል። ኮቴጅ ሊቪንግ የተባለው ፓክ ያለው ሰው ወተት የማይስማማው የሚለውን ባህርይ ጨምሮ ሊያሟላው ይችላል፤ ብልሃቱ ያስቃል፣ ግን አልመክረውም። ካለው ሦስት የባህርይ ቦታ ሁለቱን ይወስዳል፤ ፋሲካ ደርሶ ዶሮው ሲቀርብም ሰውዬው አሁንም ጾመኛ ነው።

የሚሻለው ሴቲንግ ውስጥ ለተመረጠው ሲም ብቻ ነጻ ፈቃድን የሚያጠፋውን ምርጫ መጠቀም ነው። የጾም ምግብ በብዛት አብስላችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ ከዚያ እናንተው አዝዙት። ሌላው የቤተሰብ አባል ካስቸገረ የወጥ ቤቱን በር ቆልፉበት። ለረመዳንም አሠራሩ ያው ነው፤ ሌሊት ሱሑር፣ ሲመሽ ኢፍጣር። የረሃቡ መስመር ቀይ ከሆነ ግን አስፈጥሩት፤ በዚህ ጌም ሲም በረሃብ ይሞታል።

መቅደሱ ተሠርቶ ሰው የለም

ተጫዋቾች የሠሩትን ከሚያጋሩበት ከጋለሪው ላይ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አውርዳችሁ ብትተክሉም ቅጥሩ ጭር ይላል። ብዙ ጊዜ የቦታው ዓይነት «አጠቃላይ» ተብሎ ስለተመዘገበ ነው፤ ጌሙ ጎብኚ የሚልከው የቦታውን ዓይነት አይቶ ነው። ሥዕል ለበዛበት ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አድርጉት። ሰዎች መጥተው በየሥዕሉ ፊት ይቆማሉ፣ ከሩቅ ሲታይም የተሳለሙ ይመስላል። ለመስጊድ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል።

ቋሚ ምእመን የሚፈልግ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጌት ቱጌዘር በተባለው ፓክ ክለብ ያቋቁም። የአባላቱን ልብስና የመሰብሰቢያውን ቦታ ትወስናላችሁ፣ የሚበረታታውንና የሚከለከለውን ትመርጣላችሁ፤ መጠጥ መከልከልም ይቻላል። አንድ ክለብ ከ8 ሰው በላይ አይዝም፤ ማኅበራችሁ ከዚያ ከሰፋ ሁለት ክፈቱ። አባላቱ ካልመጡ ስብሰባውን ያልጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ሲጸልይ ይንሳፈፋል

ለጸሎት የሚቀርበው ስፓ ዴይ የተባለው ፓክ የሚያመጣው ተመስጦ ነው። ክህሎቱ ከፍ ሲል ግን ሲሙ ከመሬት ተነስቶ ይንሳፈፋል፣ ቆይቶም ከቦታ ቦታ ይሰወራል። ገድል ላይ ያምራል፣ ሳሎን ውስጥ ግን እንግዳ ያስደነግጣል። ክህሎቱ ሳይገፋ አቁሙት፣ ወይም ጸሎቱን ወደ መጽሐፍ ንባብ ቀይሩት። አምስቱን የሶላት ወቅት ለምትጠብቁ፦ በተራ ፍጥነት የጌሙ አንድ ደቂቃ የእኛ አንድ ሰከንድ ናት፣ ሲም ደግሞ ተነስቶ እስኪሄድ ብዙ ይፈጅበታል። ቀደም ብላችሁ አዝዙ።

ሟቹ ሌሊት ወጥ ቤት ይገኛል

መቃብሩ ወይም የአመድ ማስቀመጫው ግቢያችሁ ውስጥ ስላለ ነው መንፈሱ የሚመላለሰው። ወደ መካነ መቃብር ብታዛውሩት ቤቱ ጸጥ ይላል። መቃብሩን ስትጫኑ የሚመጣው መንፈሱን ለዘለቄታው የማሰናበት ምርጫም አለ፤ እሱ ግን መመለሻ የለውምና ከተዝካሩ በፊት አትንኩት።

የሃይማኖት ሞድ ከአፕዴት በኋላ ጠፋ

አፕዴት ሲመጣ ጌሙ ሞዶችን (ተጫዋቾች ሠርተው የሚያጋሯቸውን ተጨማሪዎች) ራሱ ያጠፋል። ሴቲንግ ገብታችሁ ከስተም ኮንቴንትንም ስክሪፕት ሞድንም አብሩና ጌሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልሠራ የስክሪፕቱ ፋይል ከሞድ ፎልደሩ ወደ ውስጥ ከአንድ ፎልደር በላይ እንዳልገባ እዩ። አሁንም እንቢ ካለ ግማሹን ሞድ አውጥታችሁ ሞክሩ፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ድረስ እያጋመሳችሁ ቀጥሉ። በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ሞድ አይሠራም፤ ለእነዚያ ያለው ከላይ የተጻፈው ብቻ ነው።