ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚሆን የአለርጂ መርፌ እንዴት ይነደፋል?

ባዮሜዲካል ምህንድስና የምትማሩ ልጆች «ምን ብንሠራ ይጠቅማል?» ትሉኛላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝና መልሴ ቅርብ ነው። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ አድሬናሊንን፣ ማንም ሰው ሊወጋው የሚችልበት መርፌ ሥሩ። አገር ቤት ጤና ተቋም ውስጥ አድሬናሊን ባብዛኛው በአምፑል፣ ማለትም አንገቱ በሚሰበር ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ፣ ነው ያለው። መስበር፣ በሲሪንጅ መሳብ፣ መጠኑን መለካት አለ። ለነርስ ይሄ የዕለት ሥራ ነው። ልጇ ኦቾሎኒ በልቶ ከንፈሩ ላበጠና ትንፋሽ ላጠረው እናት ግን አይሆንም።

መጀመሪያ የምትነድፉለትን ሰው ምረጡ። የተረጋጋና መመሪያ ያነበበ ሰው አትምረጡ። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናቶች ናቸው። መነጽራቸው ሌላ ክፍል ቀርቷል። ማሸጊያው ላይ ያለው እንግሊዝኛ አይገባቸውም። ጣታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ልጁ ደግሞ እየተወራጨ ነው። እኚህ እናት ከቻሉት ወጣቱም ሐኪሙም አይቸገርም።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ሁለት ጫፎች፣ መርፌው የሚወጣበትንና ክዳን ያለውን፣ ለዩ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ብዙ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነውና። ኤፒፔን የሚባለው፣ ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ፣ የመጣው ከወታደር መሣሪያ ነው። ሼልደን ካፕላን የተባለ መሐንዲስ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤተዝዳ ውስጥ፣ ለነርቭ መርዝ ማርከሻ ከተሠራው መርፌ አዳበረው። በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ለአለርጂ ተፈቀደ። ወታደር ሠልጥኖ ስለሚይዘው ችግር የለውም። ሲቪሉ ግን ጥቁሩን ጫፍ እንደ ቁልፍ አይቶ በአውራ ጣቱ ይጫነው ነበር። መርፌው ከዚያ በኩል ስለሚወጣ አውራ ጣቱ ይወጋል። አድሬናሊን የደም ሥር ያጠባል፣ ስለዚህ ጣቱ ነጥቶ ያማል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለታማሚው የታሰበው መድኃኒት መባከኑ ነው። በ2009 የመርፌው ጫፍ ብርቱካናማ፣ የላዩ ክዳን ሰማያዊ ሆነ። ትልቅ መሻሻል ነው።

ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም። አውሮፓ ያለው ጄክስት የሚባል ተመሳሳይ መርፌ ክዳኑ ቢጫ፣ የመርፌው ጫፍ ጥቁር ነው። ሎንዶን የለመደ ሰው ዋሽንግተን ሲመጣ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ጫፎቹን በቅርጽም ለዩ። አንዱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጠባብ ይሁን። መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳሰሳ የሚለይ መሆን አለበት።

እርምጃዎቹን ሦስት አድርጉ፤ ክዳን ንቀል፣ ጭን ላይ ተጫን፣ ያዝ። አራተኛ ከጨመራችሁ የሚረሳ ነገር ጨመራችሁ። ቦታው የጭን የውጭ ጎን ነው፤ በልብስ ላይም ይወጋል። የመያዣው ጊዜ ይጠር። ኤፒፔን ድሮ 10 ሰከንድ ይል ነበር፣ አሁን 3 ነው። ልጅ እግሩን ሲያወራጭ መርፌው ሥጋውን ይቀደዋል፤ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የልጁ እግር ጥብቅ ተደርጎ እንደሚያዝ የሚያሳይ ሥዕል መሣሪያው ላይ ራሱ ይኑር። ወረቀቱ ላይ መኖሩ አይረዳም፣ ወረቀቱን ማን ያገኘዋል?

«ተወግቷል» የሚል ምልክት ደግሞ የግድ ነው። ኤፒፔን ውስጥ 2 ሚሊ ሊትር አለ፤ የሚወጣው 0.3 ብቻ ነው። ሰው የቀረውን አይቶ «አልሠራም» ይላል፣ ይደናገጣል። ስለዚህ የሚሰማ ድምፅ፣ ወጥቶ መርፌውን የሚሸፍን ጫፍ፣ ቀለሙን የሚቀይር መስኮት ያስፈልጋል። መስኮቱ ሌላም ጥቅም አለው። አድሬናሊን ሙቀትና ብርሃን አይወድም፤ ሲበላሽ ቡናማ ይሆናል፣ ያም በመስኮቱ ይታያል። የሚቀመጠው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፣ ፍሪጅም አይገባም። መኪና ውስጥ ረስታችሁት እንዳትሄዱ። ለአፋር ሙቀት የምትነድፉ ከሆነ ማቀፊያውን ከመርፌው እኩል አስቡበት።

መሣሪያው ኪስ የሚገባ ይሁን። ጎረምሳ ልጅ ወፍራም ቱቦ ይዞ አይዞርም። አውቪ-ኪው የሚባለውን ሌላ የአድሬናሊን መርፌ የሠሩት ኤሪክና ኢቫን ኤድዋርድስ ራሳቸው አለርጂ ያለባቸው መንትዮች ናቸው። ጠፍጣፋ አድርገውት ደረጃ በደረጃ በድምፅ እንዲመራ አደረጉት። እኔ በጣም የምወደው ንድፍ ነው። ይሁንና በ2015 የመድኃኒቱን መጠን በትክክል ላይሰጥ ይችላል ተብሎ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በ2017 ተመለሰ። ድምፁንና ውበቱን ከማሰባችሁ በፊት መድኃኒቱ ሁሌ በልኩ እንደሚወጣ አረጋግጡ።

ከዚያ ፈትኑት። መርፌ የሌለው መለማመጃ ሥሩና ለአንዲት እናት ስጧቸው። ምንም አታስረዱ። ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጉና «ልጁ ታሟል» በሉ። እናንተ ዝም ብላችሁ እጃቸውን ብቻ ተመልከቱ። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ ሰው እንዳይከፋችሁ ብሎ «አዎ ልጄ» ይላል። ከወር በኋላ ያንኑ መሣሪያ መልሳችሁ ስጧቸው፤ የተረሳው የቱ እርምጃ እንደሆነ ያኔ ይታያችኋል። መለማመጃውን ከእውነተኛው ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ክተቱ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት መርፌ ይሁን፤ የመጀመሪያው ካልበቃ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ያስፈልጋል።

ዋጋውም የንድፉ አካል ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የሁለት ኤፒፔን ዋጋ ከ600 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። መርፌውን ገፍቶ የሚያስወጣው ስፕሪንግ ውድ ከሆነባችሁ መድኃኒቱ በልኩ የተሞላ ተራ ሲሪንጅ ላይ ጀምሩ። ሲምጄፒ የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፤ በ2017 ተፈቅዷል። አምፑል መስበርና መለካት ከቀረ ከሥራው አስቸጋሪው ክፍል ቀለለ።