ጥርስ ያስሞላችሁ፣ ምላሳችሁን እመኑት

ጥርስ ሙሌት የዕድሜ ልክ አይደለም። አማልጋም የሚባለው ብርማው ሙሌት ባብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል፤ ኮምፖዚት የሚባለው ነጩ ከ5 እስከ 10። ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል።

የእኔው የተሸረፈው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ የገብስ ቆሎ ስቆረጥም ነው። አላመመኝም፤ ምላሴ ግን ያችን ስለታም ጠርዝ እየነካካ አላስቀምጥ አለኝ። ከዚያ ጥብስ በበላሁ ቁጥር ሥጋው እዚያው ይሰካል። «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» ብዬ ሁለት ወር አዘገየሁት። ሙሌቱ ሲከፈት ጥርሱ ከሥሩ በስብሷል!

ስለዚህ ሙሌቱ ከሻከረ፣ ምግብ መያዝ ከጀመረ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ጥዝ ካለ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። ትኩስ ቡና ጠጥታችሁ ሕመሙ ቶሎ ካልለቀቀ ግን ነርቩ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል አትዋሉ አትደሩ።

«አርጅቷል» ተብሎ ብቻ ደህናውን ሙሌት አታስነቅሉ፤ በተቀየረ ቁጥር ከጤነኛው ጥርስም ትንሽ ይፋቃል። ምን እንደታየ ጠይቁ፣ ራጅ ካለም አሳዩኝ በሉ። ተሸርፎ ቀጠሮ እስኪደርስ በዚያ በኩል ቆሎ አትቆርጥሙ (እኔ አላስቻለኝም ነበር)።