ቫይረስ ከሰው ፕሮቲኖች ጋር ያለውን ግንኙነት በኮምፒውተር በሚሳል የግንኙነት መረብ እንዴት እናጠናለን?

የኮቪድ-19 አምጪ የሆነው ቫይረስ ሳርስ-ኮቭ-2 ያሉት ፕሮቲኖች 29 ያህል ብቻ ናቸው፤ በመሆኑም ለመባዛት የሰውን ፕሮቲኖች መጠቀም ግድ ይለዋል። የትኛው የቫይረስ ፕሮቲን የትኛውን የሰው ፕሮቲን እንደሚይዝ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ፣ ተራ ላፕቶፕና ሳይቶስኬፕ የተባለው መረብ የሚስል ነፃ ሶፍትዌር ካለው ሥራውን መጀመር ይችላል።

ለልምምድ የሚመቸው መረጃ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ በኔቫን ክሮጋን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 በኔቸር መጽሔት ያሳተመው ነው። ተመራማሪዎቹ 26 የቫይረሱን ፕሮቲኖች መለያ የሚሆን ትንሽ ቁራጭ እያሰሩ በየተራ በሰው ሕዋስ ውስጥ እንዲመረቱ ካደረጉ በኋላ፣ በመለያው ሲስቧቸው አብረው ተጣብቀው የወጡትን የሰው ፕሮቲኖች ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ለይተው 332 ግንኙነቶችን መዝግበዋል።

ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ይበቃዋል፤ በአንዱ የቫይረሱ፣ በሌላው የሰው ፕሮቲን ይገባል። ስያሜዎች ከአንዱ የመረጃ ቋት ወደ ሌላው ስለሚለያዩ ዩኒፕሮት የተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት ለእያንዳንዱ ፕሮቲን የሚሰጠውን መለያ ቁጥር መጠቀም ይመረጣል። በኤክሴል የሚሠራ ሰው ዓምዱን አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ ይቀይር፤ ኤክሴል ማርች1 የሚባለውን የጂን ስም እንደ ቀን ቆጥሮ ሲለውጠው ስለቆየ፣ በመጨረሻ የጂኑ ስም ራሱ እንዲቀየር ተደርጓል።

ሠንጠረዡ ሳይቶስኬፕ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፕሮቲን ነጥብ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት መስመር ይሆናል። የሰው ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት ስትሪንግ ከተባለው የፕሮቲን ግንኙነቶች መረጃ ቋት ማምጣት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ስትሪንግ በጽሑፎች ውስጥ አብረው የተጠቀሱትንም ጭምር ስለሚያገናኝ፣ አካላዊ ግንኙነት ብቻ የሚለውን መምረጥና ዝቅተኛውን የእርግጠኝነት ልክ 0.7 ማድረግ ይበጃል።

ጥንቃቄ የሚሻው ንባቡ ነው። ብዙ መስመር ያለው ነጥብ ወዲያው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ካንሰርን የሚከላከለውን ፒ53ን ለመሰሉ ፕሮቲኖች ብዙ መስመር የተሰመረላቸው ለዓመታት በብዙ ቤተ ሙከራዎች ስለተጠኑም ጭምር ነው። ስለዚህ ቫይረሱ የያዛቸውን ፕሮቲኖች፣ ተመሳሳይ የመስመር ብዛት ካላቸውና በዕጣ ከተመረጡ 1,000 ስብስቦች ጋር ሳያነጻጽሩ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም።

የመስመር አለመኖርም ግንኙነት የለም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት ኤሲኢ2 የተባለው የሰው ፕሮቲን ከ332ቱ መካከል የለም፤ ሙከራው የተሠራባቸው ኤችኢኬ-293ቲ የተባሉት ሕዋሳት ኤሲኢ2ን የሚያመርቱት እጅግ በጥቂቱ ነውና። እኔ ማንኛውንም መረብ ስከፍት አስቀድሜ የምጠይቀው በየትኛው ሕዋስ እንደተሠራ ነው።

ጥሩ መስመር ምን እንደሚመስል ለማየት ኦርፍ6 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ይፈልጉ። በመረቡ ላይ በሕዋስ አስኳል በር ላይ ከሚገኙት ኤንዩፒ98 እና አርኤኢ1 ከተባሉ የሰው ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ ይታያል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም ኦርፍ6 ይህን በር በመያዝ፣ ሕዋሳት ቫይረስ ሲገባባቸው የሚልኩትን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን የኢንተርፌሮንን መልእክት የሚያደርሰው ስታት1 የተባለ ፕሮቲን ወደ አስኳሉ እንዳይገባ እንደሚያግድ አሳይተዋል። ከእርስዎ መረብም እንዲህ ያለ በቤተ ሙከራ ሊፈተን የሚችል አንድ ጥያቄ መርጠው ያውጡ፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎንም የተገኘበትን የሙከራ ዓይነትና ሕዋስ በሦስተኛ ዓምድ ይመዝግቡ።