ለባዮሎጂ ሙከራ ነፃ ተለዋዋጭ ስትመርጡ

ለባዮሎጂ ሙከራ ነፃ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ውጤቱን ለማየት ሆን ብላችሁ የምትለውጡትን ነገር፣ የምትመርጡ ተማሪዎች፣ የመረጣችሁትን ነገር ስትለውጡ ሌላ ነገር አብሮት ይለወጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ መርምሩ። ብዙዎች ብርሃንን ይመርጡና አንዱን የቦሎቄ ችግኝ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን ፀሐይ ያገኘው አፈር ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ስለዚህ የእድገቱ ልዩነት ከብርሃኑ ይሁን ከሙቀቱ ወይም ከእርጥበቱ ለይቶ መናገር አይቻልም።

እኔ የምመክረው የጨው መጠንን ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ በቁጥርም ይለካል። በየ1 ሊትር ውኃው 0፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ግራም የገበታ ጨው አሟሙታችሁ፣ በአምስት ሳህን ጥጥ አንጥፋችሁ፣ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ቦሎቄ ደርድራችሁና እኩል መጠን ያለው ፈሳሽ ጨምራችሁ አንድ ቦታ ብታስቀምጧቸው፣ የሚለያያቸው ጨው ብቻ ይሆናል። ጨው ሲበዛ ፍሬው ውኃ ለመሳብ ስለሚቸገር ነጩ ሥር ብቅ ለማለት ይዘገያል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የበቀሉትን ቁጠሩ፤ ጥገኛ ተለዋዋጫችሁ፣ ማለትም በለውጡ ምክንያት የሚለያየውና የምትለኩት ውጤት፣ ይህ ቁጥር ነው። ጨው የሌለበትን ሳህን ፈጽሞ አትተዉት፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ሳህኖቹንም በላስቲክ ሸፍኑ፤ ውኃው ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የለካችሁት መጠን ሳታውቁት ከፍ ይላል።