ኤክሴል የፈረቃ ሰዓት ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ በየሆቴሉና በየፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራው ብዙ ነው። ወር ሲደርስ የሰዓቱ ሂሳብ ኤክሴል ላይ ይሠራል። ሂሳቡ ሲዛባ ደመወዙ የሚጎድለው ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ጥበቃ ስለሆነ ነገሩን አጥርቶ ማወቅ ይገባል።

አስቀድሞ ይህን ይያዙ፦ ለኤክሴል አንድ ሙሉ ቀን 1 ነው። የ12 ሰዓት ሥራ 0.5፣ የ6 ሰዓት ሥራ 0.25 ነው።

ጥበቃው አድሮ ሠርቷል፣ ውጤቱ ግን 0:00 ነው

ምክንያቱ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሰውየው ከምሽቱ 12:00 ገብቶ ከንጋቱ 12:00 ወጣ። ኤክሴል የሚያየው 12:00 ሲቀነስ 12:00 ብቻ ነው። ምሽቱን ከንጋቱ አይለይም።

መፍትሄው ከየሰዓቱ ጎን «ቀን» ወይም «ማታ» የሚል ዓምድ መጨመር ነው። የንጋት 12 «ቀን»፣ የምሽት 12 «ማታ» ይባላል። ሰዓቱ ኤ2፣ ምልክቱ ቢ2 ላይ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር የሚለውጠው ቀመር ይህ ነው (ሲጽፉት ሞድን MOD፣ ኢፍን IF፣ ኤ2ን A2፣ ቢ2ን B2 ብለው በላቲን ፊደል ነው፤ «ማታ» ብቻ በአማርኛ ይቀራል)፦

=ሞድ(ሞድ(ኤ2,0.5)+ኢፍ(ቢ2="ማታ",0.75,0.25),1)

የምሽቱ 12:00 18:00 ይሆናል፣ የንጋቱ 6:00። መውጫውንም እንዲሁ ይለውጡ።

ሲቀነስ ##### ይመጣል

ዓምዱ ጠቦ ከሆነ ማስፋት ይበቃል። ካልሆነ 6:00 ሲቀነስ 18:00 ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ነው፤ ኤክሴል እንዲህ ያለውን ሰዓት ማሳየት አይችልም። የተለወጠው መግቢያ ኢ2 (E2)፣ መውጫው ኤፍ2 (F2) ላይ ካለ =ሞድ(ኤፍ2-ኢ2,1) ይጻፉ። 12:00 ይመጣል።

ሰዓቱ ሲደመር የተወሰነው ይቀራል

ይህ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፍ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈው 2፡30 ከ2:30 ጋር ለዓይን አንድ ይመስላል። ኤክሴል ግን ሁለት ነጥባችንን አያውቃትም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። የመደመሪያው ቀመር ሰም (SUM) ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ መቀነስ ደግሞ የቫልዩ (#VALUE!) ስህተት ያመጣል። ሰዓት በራሱ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ወደ ግራ የተጠጋ ካዩ ይጠርጥሩ። ኮንትሮልና ኤች ተጭነው ፡ን በ: ይተኩ። 2.30 ተብሎ የተጻፈውንም ያርሙ፤ እሱ ሁለት ቀን ከሰባት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነው የሚደመረው።

የሳምንቱ ድምር 48 መሆን ሲገባው 0:00 ይላል

ሰዓቱ 24 በሞላ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። ድምሩ አልጠፋም፣ አልታየም እንጂ። ፎርማት ሴልስ፣ ታይም ውስጥ ገብተው 37:30:55 የሚለውን ናሙና ይምረጡ።

ክፍያው ጥቂት ብር ሆነ

9:00 በ50 ብር ሲባዛ 18.75 ይመጣል፤ 9 ሰዓት ለኤክሴል 0.375 ነውና። የሥራው ሰዓት ጂ2 (G2) ላይ ካለ በ24 ያባዙት፦ =ጂ2*24*50። የሴሉን ፎርማት ወደ ነምበር ይቀይሩ፣ 450 ብር ይመጣል።