የዶርም ዋይፋይ ሲያስቸግር ከየት ልጀምር?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከተማሪዎች በብዛት የሚደርሰኝ መልእክት ሁለት ቃል ነበር። «ዋይፋይ አይሠራም»።

በዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም። የቱ ብሎክ? ስንተኛ ፎቅ? ሲግናሉ ጭራሽ የለም ወይስ ሲግናል እያለ ነው ኢንተርኔት የማይከፍተው? ቴክኒሻኑ ይሄን ሳያውቅ መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ ቀን ነው፣ ተማሪው ክላስ ነው፣ ዋይፋዩም አንደኛ ይሠራል። ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ማታ ያው ችግር። የመመረቂያ ጽሑፉን ለአማካሪው ለመላክ በእኩለ ሌሊት ላፕቶፕ ከፍቶ ከኮሪደር ኮሪደር ሲዞር ያገኘሁት ልጅ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

ከስልካችሁ እስከ ኢንተርኔት ያለው መንገድ ሦስት ቦታ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ከስልኩ እስከ አክሰስ ፖይንቱ (ኮሪደር ጣሪያ ላይ የተሰቀለችው ነጭ ሳህን የምትመስለው ዕቃ)፣ ከአክሰስ ፖይንቱ እስከ ብሎኩ ስዊች (የብሎኩ የኔትወርክ ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን)፣ ከስዊቹ ደግሞ እስከ ውጭ። የእናንተ ሥራ የቱ ጋ እንደተቆረጠ ማወቅ ነው። ይሄን ደግሞ ማንም ተማሪ፣ የኮምፒውተር ልጅ ባይሆንም፣ በ10 ደቂቃ ያገኘዋል።

መጀመሪያ የዶርም ልጆችን ጠይቁ። የሁሉም ከጠፋ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም፣ ይሄን ክፍል ዝለሉት። የእናንተ ብቻ ከሆነ ግን ቪፒኤን አጥፉ። ብዙ ሰው ቪፒኤን ስልኩ ላይ እንደበራ ይረሳዋል፣ ቪፒኤን እንደበራ ደግሞ መታወቂያ ቁጥርና ፓስወርድ የሚጠይቀው የግቢው መግቢያ ገጽ ብዙ ጊዜ አይመጣም። አንድሮይድ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ሴቲንግ አለ፣ እሱንም ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ቀንና ሰዓታችሁንም እዩ። የስልኩ ቀን ከተዛባ የገጹን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫውን) አልቀበልም ይላል፣ እናንተ ግን የምታዩት ባዶ ገጽ ወይም ማስጠንቀቂያ ነው። ይሄ ሁሉ ካልሠራ ኔትወርኩን «ፎርጌት» አድርጋችሁ እንደገና ግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለዋይፋይ የሚያሳዩት እውነተኛውን ማክ አድራሻቸውን (ስልኩ ለኔትወርክ ያለውን መለያ ቁጥር) ሳይሆን የፈጠሩትን ነው። ለግላዊነት ጥሩ ነው። ግቢያችሁ ስልክ የሚመዘግበው በማክ አድራሻ ከሆነ ግን ትናንት የተመዘገበው ስልክ ዛሬ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለግቢው ዋይፋይ ብቻ ይሄን ነገር አጥፉትና የስልኩን የራሱን አድራሻ አስመዝግቡ።

አሁን ወደ ሲግናል እንሂድ። ስልኩ ላይ ያሉትን መስመሮች አትመኑ፣ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል አፕ ሲግናሉን በዲቢኤም ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። -50 አካባቢ ከሆነ አክሰስ ፖይንቱ አጠገባችሁ ነው። እስከ -67 ድረስ ቪዲዮ ኮል ይሠራል። ከ-75 ካለፈ መቆራረጥ ይጀምራል፣ -80 ላይ ስልኩ ኮኔክትድ ቢልም ብዙ ጊዜ ምንም አይከፍትም።

አፑን ከፍታችሁ እየተራመዳችሁ ለኩ። አክሰስ ፖይንቱ ሥር፣ ከዚያ በራችሁ ላይ፣ ከዚያ በሩን ዘግታችሁ፣ ከዚያ አልጋችሁ ላይ። አንድ ክፍል ውስጥ ስለካ የላይኛው አልጋ ላይ -66 አገኘሁ፣ ታች ከብረት ሎከሩ ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ -79። ክፍሉ ያው ነው፣ ርቀቱም ያው ነው፣ መሃል የገባው ብረት ነው። ሎከሩን ወደ መስኮቱ ገፋነው፣ አለቀ። ብረት በር፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ኮንክሪት ወለል ሁሉም ሲግናል ይበላሉ። ዋይፋይ የሚሄድበት ሞገድ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ ነው፤ 5 ደግሞ ከ2.4 ይልቅ በግድግዳ ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ ሩቅ ክፍል ያላችሁ 2.4ን፣ ኮሪደሩ አጠገብ ያላችሁ 5ን ምረጡ፣ ምርጫው ካለ።

ስልክ ደግሞ ችኮ ነው። ከላይብረሪ የያዘውን፣ ወይም ከታች ፎቅ የያዘውን አክሰስ ፖይንት ዶርም ደርሳችሁም ላይለቅ ይችላል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ቅርቡን ይይዛል።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚሞትስ? ይሄ መጨናነቅ ነው። በአንድ ቻናል (ሞገዱ የተከፋፈለበት መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሩቅ ሆኖ በደካማ ሲግናል የሚጎትት አንድ ስልክ ደግሞ የሁሉንም ተራ ያረዝማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አሁን በየክፍሉ የሚከፈተውን ሆትስፖትና የሲም ራውተር አስቡት። አንዱ ቻናል 3 ላይ፣ አንዱ 9 ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሁለት ቻናል ይረብሻል። ራውተር ካላችሁ ከሦስቱ አንዱ ላይ አድርጉት፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ላይ። ሆትስፖታችሁ 5 ጊጋኸርዝ የሚችል ከሆነ እሱ ላይ ክፈቱት፣ የማትጠቀሙበት ጊዜ ደግሞ ዝጉት። ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ትልቅ ፋይል አታውርዱ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መስመሩ ሰፊ ነው።

አሁን ዋናው። ኮኔክትድ ይላል፣ ሲግናል ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት የለም። እዚህ ጋ አይፒ አድራሻችሁን (ኔትወርኩ ለዕቃችሁ የሚሰጠውን ቁጥር) እዩ፣ ስልክ ላይ የዋይፋዩን ስም ስትነኩት ይመጣል። ላፕቶፓችሁ ላይ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጣችሁ አላገኛችሁም ማለት ነው። አንዱ ምክንያት አድራሻ ማለቁ ነው። በብዛት አንድ ኔትወርክ ላይ የሚታደለው ቢበዛ 254 አድራሻ ነው። 60 ክፍል ያለው፣ በክፍሉ 6 ልጅ ያለበት ብሎክ 360 ሰው ነው፣ ስልክና ላፕቶፕ ሲደመር ቁጥሩን እናንተው አስሉት። ይሄን የሚያስተካክለው የግቢው አይሲቲ ክፍል ነው፣ አድራሻው የሚያዝበትን ጊዜ በማሳጠር ወይም ኔትወርኩን በማስፋት። እናንተ ግን «169.254 ነው የሚሰጠኝ» ብላችሁ ብትጽፉ የግማሽ ቀን ሥራ ትቀንሱለታላችሁ።

ሌላው የሚያሳዝነው ነው። አንድ ብሎክ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ሙሉ ለሁለት ቀን ኢንተርኔት አጣ፣ ፈተና ሳምንት ላይ። አክሰስ ፖይንቱን ቀየርን፣ ኬብሉን ቀየርን፣ ምንም። በመጨረሻ የአንዷን ተማሪ ስልክ ተቀብዬ አድራሻውን ሳየው 192.168.0 ብሎ ይጀምራል፣ የግቢው ደግሞ በ10 ነው የሚጀምረው። የጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚያሳልፈውን ዕቃ) አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፍኩት፣ የቤት ራውተር መግቢያ ገጽ ፊቴ ተከፈተ። ክፍል ለክፍል ስንዞር አልጋ ሥር አገኘነው። አንድ ልጅ ለዶርም ልጆች ብሎ ከቤቱ ያመጣው ነው። የግድግዳውን ኬብል ዋን (WAN) በሚለው ቀዳዳ መሰካት ሲገባው ላን (LAN) በሚለው ሰክቶታል፣ ራውተሩም ለፎቁ ሁሉ የተሳሳተ አድራሻ ሲያድል ከረመ። ልጁ ሲሰማ ሊያለቅስ ደረሰ። እኛም ነን ያጠፋነው፣ ስዊቹ ላይ እንዲህ ያለውን የሚከለክል ሴቲንግ አለ፣ አላበራነውም ነበር።

ስለዚህ የአድራሻችሁ የመጀመሪያ ቁጥር ከሌላው ብሎክ ልጆች የተለየ ከሆነ፣ ፎቃችሁ ላይ ራውተር የሰካ ሰው ፈልጉ። በፍቅር ጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ አያውቅም።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ላፕቶፕ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ፒንግ አድርጉ (ping ብላችሁ አድራሻውን ጻፉ፣ መልስ መምጣት አለመምጣቱን ያሳያል)። መጀመሪያ ጌትዌዩን። መልስ ካልመጣ፣ ወይም እየጠፋ በመቶዎች ሚሊሰከንድ ከመጣ፣ ችግሩ ብሎኩ ውስጥ ነው። ጌትዌዩ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመለሰ 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጎግል አድራሻ) ካልመለሰ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከግቢው ወደ ውጭ ባለው መስመር ነው፣ አክሰስ ፖይንቱን መውቀስ ዋጋ የለውም። 8.8.8.8 እየመለሰ ድረገጽ ካልከፈተ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ ነው (የድረገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው)።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጠፋ ዋይፋይም አለ። ጣሪያ ላይ ያለችው ዕቃ ኃይል የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በኔትወርክ ኬብሏ ከስዊቹ ነው። መብራት እንደመጣ ስዊቹ እስኪነሳ፣ እሷም እስክትነሳ 5 ደቂቃ ስጧቸው። ከዚያ መብራቷን እዩ። የቀለሙ ትርጉም እንደ ሠሪው ይለያያል፣ ስለዚህ ሌላ ፎቅ ላይ ካለች ከምትሠራ ጋር አወዳድሩ። የዚያኛዋ ሰማያዊ ሆኖ የናንተዋ ጭራሽ ካልበራ፣ ኃይል አልደረሳትም። ወይ ኬብሉ ነው (አይጥ የበላው ኬብል በእጄ ቀይሬያለሁ)፣ ወይ ስዊቹ ነው፣ ወይ የስዊቹን ካቢኔ ሶኬት ነቅሎ ስልክ ቻርጅ ያደረገ ሰው አለ።

እባካችሁ ራሳችሁ አትንቀሏት። በተለይ ትንሿን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አትንኩ። ሪሴት ሴቲንጉን ሙሉ ያጠፋዋል፣ የአንድ ሰዓት ችግር የሳምንት ይሆናል። የተረፈ ኬብል አግኝታችሁም በሁለት የግድግዳ ቀዳዳ መሃል አትሰኩ፣ ብሎኩ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል።

ሪፖርት ስትጽፉ እንዲህ ይሁን፦

«ብሎክ 14፣ 2ኛ ፎቅ፣ ክፍል 211። ከሰኞ ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። ሲግናል -58። አይፒ 169.254። የክፍሉ 6 ልጆች ሁላችንም። የአክሰስ ፖይንቱ መብራት ሰማያዊ፣ ከ3ኛ ፎቁ ጋር አንድ ነው። ስልክ ቁጥሬ ይሄ ነው።»

ለፕሮክተራችሁም አንድ ቅጂ ስጡ፣ የስዊቹ ክፍል ቁልፍ ብዙ ጊዜ እሱ ጋ ነው፣ ቴክኒሻኑ የመጣ ቀን ቁልፉ ጠፍቶ እንዳይመለስ።